ኮዱ ብቻውን ቤት አያገኝም

ሰላም ውድ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ኦንላይን ዕቃ ባዘዙ ቁጥር የሚነግሩኝ ታሪክ አንድ ነው፣ ሞተረኛው ሦስቴ ይደውላል፣ "መድኃኔዓለም ጋ ስትደርስ ደውልልኝ" ይባላል፣ ከዛ ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ከዛ ሁሌም የሚከተለው "እንደናንተ ዚፕ ኮድ ቢኖረን ኖሮ" የሚል ነው፣ የአሜሪካኖቹን የፖስታ ቁጥር (ፖስታል ኮድ) ማለታቸው ነው። እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ እዚህ እንደመጣሁ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ደብዳቤ የሚለይበት መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትንሽ የምለው አለኝ።

ቁጥሩማ እኛም ጋ አለ እኮ። ዌብሳይቱ ፖስታል ኮድ ካልሞላህ አላሳልፍም ሲል ሰው ሁሉ ለአዲስ አበባ 1000 ብሎ ነው የሚሞላው፣ እኔም ለወንድሜ እንደዛው። ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ ቃሊቲ ያለው ሁሉ 1000 ከሆነ ምኑን ለየው?

የአሜሪካው እንዴት እንደመጣ ብዙ ሰው አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተማውን በቃላቸው የሚያውቁት የፖስታ ሠራተኞች ወደ ጦር ሜዳ ሄዱና በቦታቸው የገባው አዲስ ሰው መንገዱን ስለማያውቅ እ.ኤ.አ. በ1943 ለትልልቅ ከተሞች የዞን ቁጥር ተሰጠ። አምስት አሃዙ ዚፕ ኮድ ደግሞ በ1963 መጣ፣ አራት ቁጥር የተጨመረበት በ1983 ነው። ማለት የፈለግኩት፣ ኮዱ ከመጀመሪያውም የተሠራው ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ነው። ሰፈሩን የሚያውቅማ ምን ያደርግለታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 22312ን ውሰዱ፣ ሐበሻ የሚበዛበት አካባቢ ነው። 2 ማለት ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ካሮላይናዎቹ ያሉበት ክፍል ነው፣ 223 ደብዳቤው የትኛው መለያ ማዕከል እንደሚሄድ ይናገራል፣ የመጨረሻው 12 የትኛው ፖስታ ቤት ወይም ደብዳቤ የሚታደልበት አካባቢ እንደሆነ። ማሽኑ አድራሻውን በካሜራ ያነብና ባርኮድ ያትምበታል፣ ከዛ በኋላ ደብዳቤው ፖስተኛው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይወጣል፣ ይቺን ነገር መጀመሪያ ሳይ ለካ ዋናው ሥራ ይሄ ነው ብዬ ነበር። ዚፕ ኮድ የፖስተኛ መንገድ ነው እንጂ የከተማ ድንበር አይደለም። እኔ ራሴ አድራሻዬ ላይ አሌክሳንድሪያ ስለሚል አሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር መስሎኝ የመኪና ታክስ ልከፍል ሄጄ "አንተ እኮ የፌርፋክስ ካውንቲ ነህ" ተብዬ ተመልሻለሁ፣ 22312 ስሙ አሌክሳንድሪያ ይባል እንጂ አብዛኛው ሌላ አስተዳደር በሆነው ፌርፋክስ ውስጥ ነው። (የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋም በዚሁ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል፣ እሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው።)

እና ይሄ ሁሉ የሚሠራው እያንዳንዱ በር ላይ ቁጥር ስላለ ነው፣ ቁጥሩም መንገዱን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው፣ 4100 ካየህ 4200 ወደፊት ነው። እኛ ጋ 312 ቁጥር ቤት አጠገብ 87 ቢኖር ማንም አይገርመው፣ የወንድሜ መታወቂያ ላይ ደግሞ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ "አዲስ" ነው የተጻፈው። ግማሽ ከተማ እኮ "አዲስ" ነው! በዚህ ላይ የአሜሪካን ዓይነት አምስት አሃዝ ብትጭንበት ሞተረኛው ሰፈሩን ያገኛል፣ በሩን ግን አሁንም ደውሎ ነው።

ለዚህ እኔ ካየሁት ለኛ የሚቀርበው የአየርላንድ ነው። እነሱ ከደብሊን ውጭ ለረጅም ጊዜ ኮድ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፣ ገጠር ውስጥ ብዙ ቤት አንድ ዓይነት አድራሻ ነበረው፣ ቁጥርም የመንገድ ስምም የለም፣ ፖስተኛው በቤተሰብ ስም ነበር የሚለየው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤርኮድ የሚባለውን ሲያመጡ ለሰፈር ሳይሆን ለእያንዳንዱ በር የራሱን ሰባት ፊደልና ቁጥር ሰጡት፣ የመጀመሪያው ሦስቱ አካባቢውን ሲናገር ቀሪው አራቱ ያንን ቤት ብቻ። አምቡላንስ የጠራ ሰው ያንን ካነበበ በቃ። ችግርም አለው፣ የጎረቤታሞች ኮድ ተከታታይ ስላልሆነ ኮዱን አይተህ ቀጣዩ ቤት የቱ እንደሆነ አታውቅም፣ ዳታቤዝ ግድ ነው፣ የጭነት አመላላሽ ሰዎችም በዚህ ተማርረው ነበር። ግን ኪሱ ውስጥ ስልክ ላለው ሞተረኛ ይሄ ምን ችግር ይሆናል?

ፖስታ አገልግሎት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለን አገር ነን፣ እስከዛሬ የያዝነው ግን ፖስታ ሳጥን ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ አንተ ትሄድበታለህ እንጂ ወደ አንተ አይመጣም። ስለዚህ በየስብሰባው "ፖስታል ኮድ" የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ቁጥሩ ስንት አሃዝ ይሁን ብለው ባይጨቃጨቁ፣ በሩን ቢቆጥሩ። ለወንድሜ ባለፈው ወር የላክኩለትን ጫማ ያደረሰው ልጅ እንኳን ያገኘው ሱቋ ጋ ያሉትን እትዬ ጠይቆ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ