የቫልቭ ብዛትና የካምሻፍት ቦታ ተለይተው ይነገሩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ተሽከርካሪዎች በሚወጡ ጽሑፎች የሞተሩን አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በሮች፣ ማለትም ቫልቮችን፣ የሚቆጥረው «ባለ 16 ቫልቭ» የሚለው አገላለጽ የዘመናዊነት ማረጋገጫ ሆኖ ሲቀርብ፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይሆን ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ የሚገኝ የከባድ መኪና ሞተር ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ተደርጎ ሲታይ በተደጋጋሚ አነባለሁ። በሞተር ጥገና ሥራ ለቆየሁት ለእኔ ይህ አነጋገር ያሳስበኛል፤ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን፣ ማለትም የቫልቮቹን ብዛትና የካምሻፍቱን ቦታ፣ አንድ አድርጎ ያቀርባቸዋልና።

ልዩነቱ የሚመነጨው በመጀመሪያ ከሞተሩ ፍጥነት ነው። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር የአውቶሞቢል ሞተር እያንዳንዱን ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፍታል፤ በ2000 ዙር የሚሠራ የጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር ግን 17 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚከፍተው። በአውቶሞቢሉ ፍጥነት በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለው ክብደት ከበዛ ስፕሪንጉ ቫልቩን በጊዜው መመለስ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ካምሻፍቱን ወደ ቴስታታው ማውጣትና አንዱን ትልቅ ቫልቭ በሁለት ትናንሽና ቀላል ቫልቮች መተካት ተገቢ ይሆናል። በጭነት መኪናው ፍጥነት የካምሻፍቱን ግፊት ከብሎኩ ወደ ቴስታታው የሚያደርሱት ረጃጅሞቹ ፑሽሮዶች እምብዛም አያስቸግሩም፤ ከብሎኩ ውስጥ ያለው ካምሻፍትም አብዛኛውን ጊዜ በጥርስ ስለሚነዳ በየጊዜው የሚቀየር ቺንጋ አያስፈልገውም።

ታዲያ ዝግ ብሎ የሚዞረው የናፍጣ ሞተር በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ ለምን አስፈለገው? አየርን በቀላሉ ማስገባቱና ማስወጣቱ አንድ ጥቅም ነው፤ እኔ የማስቀድመው ግን ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር የሚያገኘውን ቦታ ነው። ሁለት ቫልቭ ባለው ቴስታታ ኢንጀክተሩ ወደ ጎን ተገፍቶና ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ አራት ሲሆኑ ግን መሐላቸው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ናፍጣውን በፒስተኑ ጉድጓድ ላይ ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል። የአሜሪካው ሞተር አምራች የካሚንስ ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1998 ከ12 ቫልቭ ወደ 24 ሲሸጋገር ካምሻፍቱ ከብሎኩ አልወጣም፤ ፑሽሮዶቹም አልቀሩም። ካምሻፍታቸው ቴስታታ ላይ የወጣ የከባድ መኪና ሞተሮችም አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ካምሻፍቱን ወደ ላይ ያወጡት ቫልቮቹን ብቻ ሳይሆን ኢንጀክተሮቹንም በኃይል እንዲጫን ነው።

ጉዳዩ ለጥገናም ይተርፋል። በብዙ የከባድ መኪና ሞተሮች አንድ ሮከር አርም (ቫልቭ የሚጫን ክንድ) ሁለት ቫልቮችን የሚጫነው በላያቸው በተጋደመ ድልድይ አማካይነት ነው። ድልድዩ ካዘነበለ ከላይ በሮከር አርሙና በድልድዩ መካከል የተለካው ክፍተት ትክክል መስሎ ሳለ አንደኛው ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ቫልቭ ደግሞ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር በመነካካት ስለሆነ ይቃጠላል። ክፍተቱን በራሱ የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ ታፔት ያላቸውን አውቶሞቢሎች ብቻ የለመደ ባለሙያ ይህን ቸል ብሎ በኋላ ቴስታታ ለመፍታት ሲገደድ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉ ስለ ሞተር በሚጽፍበት ጊዜ በአንድ ሲሊንደር ያሉትን ቫልቮች ቁጥር፣ የካምሻፍቱን ቦታና የሚነዳበትን መንገድ ለየብቻ እንዲገልጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለ አራት ሲሊንደሩ «ባለ 16 ቫልቭ» አውቶሞቢልና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ «ባለ 24 ቫልቭ» የጭነት መኪና በየሲሊንደሩ እኩል አራት ቫልቭ እንዳላቸው እንኳ አንባቢው ከጠቅላላው ቁጥር ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ