ሞንታርቦው ወደ መስኮታችን ዞሯል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሀዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ሰፈራችን ሜዳ ላይ የባዛር ድንኳን ተተክሎ ከሞንታርቦው ሙዚቃ የተነሳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ቤታችን ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እናቴ ጆሮዋን በነጠላ ጠቅልላ ትተኛለች፣ እንቅልፍ ከተባለ። አቤት ልል ብሄድ «ፈቃድ አላቸው» ተባልኩ። እሺ፣ ፈቃዱ በስንት ሰዓት ይዘጋ ይላል? መልስ የለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እኮ ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ጭፈራ ጠልቼ አይደለም፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጫምባላላ፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ። ግን ፈቃዱ ላይ የመዝጊያ ሰዓትና ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ሞንታርቦውንም ወደ ሜዳው ያዙሩልን።

እንቅልፍ ያጣ የሀዋሳ ነዋሪ