ለጣና ዳርቻ አባላት፦ ስለ ደንገል፣ ስለ እምቦጭና ስለ ጓሯችን

የተከበራችሁ አባላት፣

የሐይቁ ውሃ እየሸሸ ስለሆነ ወራሪውን የውሃ አረም እምቦጭን ለመንቀል ጊዜው አሁን ነው። ሐምራዊ አበባው ሳይፈካ ድረሱበት፤ አንዴ ዘር ካራገፈ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ። እንደ ፊኛ ካበጠው፣ በጣት ሲጫኑት ስፖንጅ ከሚመስለው አንጓ ሥር ገብታችሁ ከነሥሩ አንሱት። ተክሉን ከተክል የሚያያይዘው ቀጭን ሐረግ ተበጥሶ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል። የነቀላችሁትን ዳር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ብዙ ዘመቻ ከንቱ የቀረው በዚህ ነው። የመስከረም ሙላት ከሚደርስበት በላይ አውጥታችሁ አድርቁት። ያበበውን ለጓሮ ማዳበሪያ አትጠቀሙበት። ጀልባና መረብም አራግፋችሁ አንሱ።

ታንኳ የሚሠራበትን የረግረግ ተክል ደንገልን ግን ከእምቦጭ ጋር እንዳትነቅሉ አደራ። ለታንኳ የሚያጭዱ አባላት የደረሰውን ብቻ መርጠው ከውሃው በላይ ይቁረጡ፤ ሥሩ ካልተነካ መልሶ ይበቅላል። ከተቆፈረ ወይም ከተቃጠለ ግን ደለሉን የሚያግደው የለም፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣም የሚራባበትን ጥግ ያጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግም አብሮ ነው የተመዘገበው።

ጓሯችሁ ሐይቁን የሚነካ ከሆነ በዳር በኩል ሳይታረስ ሣር ይተውለት፤ እንቁራሪትና እስስት እዚያ ይጠለላሉ፣ ተባይም ይበላሉ። ለወፎች ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ሳህን መሃሉ ላይ ድንጋይ አድርጋችሁ አኑሩ። ውሃውን በየ2 ቀኑ ቀይሩ፤ ከቆየ ትንኝ ይፈለፈልበታል።