ጃንጥላው የማን ነበር?

ልጄ፣

ባለፈው በቴሌግራም ስለዚያ ጃንጥላ ጽፈሽልኝ ነበር። «ሰምዋን ሌፍት ዜር አምብሬላ» (አንድ ሰው ጃንጥላቸውን ረስተው ሄዱ) ብለሽ ጀመርሽ። እኔ ደግሞ ቀጥሎ የመጣውን እንኳ ሳልጠብቅ «ዩ አር ሮንግ፣ ሰምዋን ነጠላ ነው፣ ሂዝ (የእሱ) በይ» አልኩሽ። «እሺ አባዬ» አልሽ። ወሬው እዚያው ቀረ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና መጽሐፍ ገለጥኩ። ለካ ለአንድ ሰው «ዜይ» (እነሱ) ማለት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጻፍ ኖሯል። «ለአንድ ሰው ሂ (እሱ) በል» የሚለው ደንብ በሰዋስው መጻሕፍት የጠነከረው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። እኔ ከመምህሬ ወረስኩት፣ መምህሬም ከመምህራቸው። ደግሞ አየሽ፣ አሁን «መምህራቸው» ያልኩት ለአንድ ሰው ነው። በአማርኛ ሲሆን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

የባሰው «ዩ» (አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ) ነው። ድሮ ለብዙ ሰው ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሰው የሚባለው «ዛው» ነው። ቀስ በቀስ «ዩ» ሁሉንም ጠቀለለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከሮች የሚባሉ የእንግሊዝ ክርስቲያኖች ለአንድ ሰው «ዩ» አይባልም ብለው ሙግት ገጥመው ነበር። ልክ እንደኔ! እንግዲህ «ዩ አር ሮንግ» ብዬ ያረምኩሽ በዚያው በድሮው «ስህተት» ነው።

አንዱ ሰውዬ በቴሌቪዥን «አስክ»ን (መጠየቅ፣ መለመን) «አክስ» ሲል የሳቅኩበትን ታስታውሻለሽ? እ.ኤ.አ. በ1535 የታተመው የከቨርዴል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ለምኑ፣ ይሰጣችኋል» የሚለውን በ«አክስ» ነው የጻፈው። ሳቄን መልሼ ዋጥኩት።

ሁሉም ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ «ሊትረሊ (ቃል በቃል) ሞትኩ» ሲል ጆሮዬን ይበላኛል። መዝገበ ቃላቶቹ ግን ይህንን የማጋነኛ ትርጉምም መዝግበውታል፤ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። አንቺም ለፈተና ወይ ለሥራ ማመልከቻ ስትጽፊ ጠንቀቅ በይ፤ አንባቢው የድሮው አባትሽን ዓይነት ሊሆን ይችላል።

በይ አሁን ወሬውን ጨርሺልኝ። «ሂዝ በይ» ብዬ ስሟገት ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አልጠየቅኩሽም። ጃንጥላውን የረሳው፣ ወይ የረሳችው፣ ማን ሆነ?

አባትሽ