ከስቲከሩ ስር ያለውን ንገሩን

ውድ አዘጋጅ፣

የዘንድሮዎቹን ኦፍሮድ (ከአስፋልት ውጭ የሚነዱ) ሞተር ሳይክሎች ያስተዋወቃችሁበትን ገጽ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ገንዘቡን ይዞ ከአምናውና ከዘንድሮው መምረጥ ላቃተው ሰው ዋናው ጥያቄ አልተነካም፤ ምንድነው የተለወጠው?

አምራቾች አንድን ሞዴል በየዓመቱ እንደ አዲስ አይሠሩትም። ሻሲውና ሞተሩ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳለ ይቆያል፣ በመሀል የሚቀያየረው ብዙ ጊዜ ቀለሙና ስቲከሩ ነው። ሱዙኪ ዲአር 650ን እዩት፣ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ በመሠረቱ ያው ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ "የዘንድሮ ነው" ተብሎ ጭማሪ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እውነተኛ ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሆንዳ በፈረንጆቹ 2021 ሲአርኤፍ 250ኤልን በ300ኤል ሲተካ ሞተሩ ከ250 ወደ 286 ሲሲ አደገ፣ ክብደቱም ወደ 4 ኪሎ ገደማ ቀነሰ። የያማሃ ዋይዜድ 450ኤፍም በፈረንጆቹ 2018 ቁልፍ ተጭኖ በባትሪ መነሳት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት በእግር ነበር የሚረገጠው። ዳገት መሀል ሞተር ጠፍቶበት፣ እግሩ የሚቆምበት አጥቶ፣ ላብ እያጠመቀው የረገጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለ ለውጥ ከሆነ አዲሱን ግዙ እላለሁ፣ አላቅማማም።

ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ ሆኖ የወጣ ሞተር በመጀመሪያ ዓመቱ ፋብሪካው ያላያቸው ጥቃቅን ችግሮች ሊታዩበት ይችላሉ፣ መለዋወጫውም ወዲያው አይዳረስም። የድሮው ዲዛይን የመጨረሻ ዓመት ላይ የተሠራው ግን ድክመቱ ታውቆ፣ የሚታረመው ታርሞ፣ መካኒኩም እጁን አፍታቶበት ነው የሚገኘው። ለእኔ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው።

የአምናውን በመግዛት የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ትልቅ ሥራ ይሠራል፣ ለምሳሌ የሾክ አብሶርበሩን ሞላ (ስፕሪንግ) ለመቀየር። ፋብሪካው የሚገጥመው ሞላ ለመካከለኛ ክብደት የታሰበ ነው፣ ሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚወዳደሩበት ሞተር) ላይ ብዙ ጊዜ 75 ኪሎ አካባቢ ለሆነ ነጂ። 95 ኪሎ የሆነ ሰው ሲቀመጥበት የኋላው ከልክ በላይ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ ኩርባ ላይ አልታዘዝ ይላል። ሞላውን ማጥበቅ ትንሽ ያግዛል እንጂ ለክብደቱ የሚሆነውን ሞላ አይተካም። ሙሉ መጠን ባለው ሞቶክሮስ ሞተር ላይ ነጂው ሲቀመጥ የኋላው 100 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቢወርድ ጥሩ ነው፣ እሱም በሜትር የሚለካ ነገር ነው። ለክብደቱ የተስተካከለ የአምና ሞተር ካልተስተካከለ የዘንድሮ በጣም ይሻላል፣ ይህን ማንም ነድቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ጥሩ ሄልሜትና ጥሩ ቡት የሌለው ሰው ከሆነማ የተረፈውን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውለው።

ሳይሸጥ ለከረመ አዲስ ሞተር ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ከሆነ በውስጡ የከረመው ቤንዚን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጎማው ላይ የተጻፉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ዋስትናው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም በጽሑፍ ይጠየቅ። ሲሸጡት ገዢ ዓመቱን አይቶ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም፣ ቶሎ ቶሎ ሞተር ለሚቀይር ሰው ይህ ይጎዳዋል፤ ረጅም ጊዜ ለሚነዳው ግን መጀመሪያ ያተረፈው ያካክሰዋል።

ስለዚህ አደራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ሞዴል ስታስተዋውቁ ከፎቶው ጎን ሻሲው፣ ሞተሩ፣ ሾክ አብሶርበሩና ክብደቱ ካምናው ይለይ እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፉልን። ካልተለወጠም አልተለወጠም በሉን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሞተረኛ አንባቢ