ሰኞን ስጡን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥራና ክህሎት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ለፀጉር ሰሪዎች የጋራ የዕረፍት ቀን እንዲወሰን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ካለችው ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤቴ ሆኜ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ፀጉር ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ የራሴን ከከፈትኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ፤ ሲያለፉኝም ሳለፋም ኖሬአለሁ።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ የሆነውን ላስቀድም። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ 55 ቀን ወንበሩ ባዶ ይውላል፣ ኪራዩ ግን አይጾምም። ጾሙ ሲፈታ ሠርጉ ሁሉ ባንዴ ይወርዳል። በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ የመጀመሪያዋን ሙሽራ ሌሊት 9 ሰዓት ተቀበልን። ከእሷ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፣ ከሚዜዎቹ ቀጥሎ እናትና አክስቶች። እነሱ ሲወጡ የዘወትር ደንበኞቻችን ደጅ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሹሩባ እየሠራች ድንገት ቀጥ አለች። እጇን ታያለች። ሦስት ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ደንበኛዋ በመስታወት እያየቻት «ምነው ቆምሽ?» አለቻት። ልጅቱ በግራ እጇ የቀኝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ «ምንም» አለችና ቀጠለች።

እኔስ ምን አደረግኩላት? ሻይ አዘዝኩላት።

ያንን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም ተቀጥሬ ስሠራ እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ በሬን ጎረቤት የከፈተችልኝ ቀን አለ። ያኔ አሠሪዬ «ወጣት ነሽ፣ ይለቅሻል» ብላኝ ነበር። በዚያች ሻይ ያልኩት ያንኑ ነው።

እኛ ሙያ ውስጥ ቋሚ ደመወዝ ያላት ጥቂት ናት፤ ሥራው በፐርሰንት ነው። ከሠራሽው መቶ ብር ይህን ያህሉ የአንቺ፣ ቀሪው የቤቱ። ስትቆሚ ታገኛለሽ፣ ስትቀመጪ አታገኚም። በፐርሰንት የሚሠራ ሰው ዕረፍቱን ከኪሱ ነው የሚገዛው። ወገቧ የተያዘ ልጅ «ዛሬ ልቅር» የማትለው ከኔ ፈርታ ብቻ አይደለም፤ የዕለት ቤት ኪራይዋን እያሰበች ነው። ከዓያት ወዲህ ታክሲ ለማግኘት የምትሰለፈውን ሰዓት ስትጨምሩበት ደግሞ ከልጇ ጋር የምትነቃበት ጊዜ አይተርፋትም።

ድካሙ የእጅና የእግር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፀጉር ሰሪ ከቄስ ቀጥላ ምሥጢር የምትሰማ ሰው ናት። ካስክ፣ ማለትም የፀጉር ማድረቂያው ውስጥ የተቀመጠች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ባሏን የምታማው እየጮኸች ነው፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማል፣ እኛ ያልሰማን እንመስላለን። ይህ ያስቃል። የማያስቀውም አለ። የእናቷን አርባ አውጥታ የመጣች ደንበኛዬ ስታጠብ ዝም ብላ ታለቅስ ነበር፤ ውሃውን ሳልዘጋ ረጅም ጊዜ አሸሁላት፣ እንባዋ ከውሃው ጋር እንዲሄድ ብዬ። እሷ ስትወጣ ቀጣይዋ ተቀመጠች፣ ለእሷ ደግሞ ፈገግ ማለት ነበረብኝ። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ፊት መቀየር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ ሰው ያስጠላል። ማበጠሪያ ማንሳት ያስጠላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ በ2019 ይህን ዓይነቱን የሥራ ዝለት ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ነው አላለም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሥራ የመጣ ከሆነ መድኃኒቱም ያለው ሥራው ጋ ነው ማለት ነው። «ራሳችሁን ተንከባከቡ፣ ውሃ ጠጡ» የሚል ምክር በየስልኩ ይደርሰናል። የኛ ሱቅ ሽንት ቤት የለውም። ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው ቤት ማንኳኳት ስላለብን እኛ ውሃ የማንጠጣው አውቀን ነው።

አየሩም አለ። ኬራቲን፣ ማለትም ፀጉር ማለስለሻውን ስንሠራ ፔስትራው (የጋለው መተኮሻ) ሲነካው የሚወጣው ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ብዙዎቹ የኬራቲን ምርቶች ሲሞቁ ፎርማልዴይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ እሱ ደግሞ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። የኛ ቤት የኋላ መስኮት የለውም፣ በሩን ደግሞ ለአቧራው ብለን እንዘጋዋለን። በተማርኩበት ቦታ ስለ ቀለም አቀላቀል ሳምንት ሙሉ ተምረናል። ስለ ሳንባችንና ስለ ወገባችን የነገረን ሰው አልነበረም።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ሳምንታዊ ዕረፍትም ሰጥቷል፤ የሚቻል ሲሆን እሑድ እንዲውል፣ ለሁሉም ሠራተኛ ባንድ ጊዜ እንዲሆን። የዓመት ፈቃድም አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። ከልጆቹ መካከል ይህን የምታውቅ አላገኘሁም። የሰሙትም «እኛማ በፐርሰንት ነን፣ አይመለከተንም» ይላሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ማሰቡ ይመቸኝ ነበር።

እሑድ ደግሞ ለኛ አይሆንም፤ እሑድ ዋና ገበያችን ነው። የሚሆነው ሰኞ ነው። ሰኞ ሰው ይቀዘቅዛል።

ታዲያ ለምን ራስሽ አትዘጊም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። በጥቅምት ሦስት ሰኞ በር ላይ «ዝግ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ሰኞ የሁለት ዓመት ደንበኛዬ ከኔ ሦስት ሱቅ አልፋ ካለው ቤት ቢጎዲን አድርጋ ስትወጣ አየኋት፤ ሰላም አለችኝ፣ እኔም ሰላም አልኳት። በአራተኛው ሰኞ ከፈትኩ። ጎረቤቴም አትወቀስም፣ እሷም ኪራይ አለባት። አንዳችን ብንዘጋ ደንበኛው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁላችንም ብንዘጋ ግን የማንም ፀጉር አይጠፋም፣ ማክሰኞ ይመጣል። ይህን እርስ በርሳችን ተስማምተን ማድረግ አልቻልንም። ከላይ የሚለን ካለ ግን እንስማማለን።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሰኞን ነው። ከንግድ ቢሮ ጋር ተነጋግራችሁ የፀጉርና የውበት ቤቶች ሰኞ የሚዘጉበትን መንገድ ፈልጉልን፤ በከተማው ሁሉ ከከበደ በኛ ክፍለ ከተማ ለስድስት ወር ይሞከር። የበዓል ዋዜማ ሰኞ ላይ ከዋለ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን፣ እሱን እኛው እናስተካክላለን። በፐርሰንት የምትሠራ ልጅ በሕጉ ፊት ሠራተኛ መሆን አለመሆኗንም በግልጽ አማርኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ በየፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ የሚለጠፍ አድርጉልን። እኔ መጀመሪያ እለጥፋለሁ፣ የሚጎዳኝ ቢሆንም። ለሥልጠናውና ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናው ደግሞ ስለ እጅ፣ ስለ ወገብና ስለ ጭስ ጥቂት ጥያቄ ቢጨመር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ በቅጣት አትጀምሩ። ቅጣት እኔ ላይ ሲጣል ከልጆቹ ፐርሰንት ነው የሚቀነሰው፤ እንዴት እንደሚደረግ ስለማውቀው ነው የምነግራችሁ።

መጥታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ረቡዕ ጠዋት ይሻላል፣ ሰው አይበዛም። ቅዳሜ ከመጣችሁ መቀመጫ አታገኙም፤ እኛም አላገኘንም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፀጉር ሰሪ፣ ከቦሌ አራብሳ