ሳታደርገው አታስተምረው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሎታል። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶቹን ክፍል እንድታስተምር መመረጥህን በሰማን ዕለት እናትህ በማታው ጸሎት ስምህን ስታነሣ ሳግ ያዛትና ጸሎቱን እኔ ጨረስሁላት። ያ ደስታ ዛሬም አልቀዘቀዘም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም የነገረኝ ሊከስህ የፈለገ ሰው ስላልሆነ ሰምቼ እንዳልሰማ ልሆን አልቻልሁም።

አንደኛው፣ ፈተና ላይ የኮረጀውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አቁመህ፣ አልቅሶ እስኪወጣ ድረስ መገሠጽህ ነው። ሁለተኛው፣ ከሥራ ባልደረባህ የተበደርኸው ገንዘብ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሰውየውን ስልክ መሸሽህ፣ ይባስ ብሎም በር ድረስ ሲመጣ እኅትህን «የለም በይው» ማለትህ ነው። በዚያው ሳምንት ለልጆቹ ያስተማርኸው «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን እንደ ነበር ስሰማ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ልጄ፣ ሳታደርገው አታስተምረው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ቅደም ተከተል አጥብቀው ይጠብቃሉ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቃሉን ለልጆችህ አስተምር ከመባሉ በፊት በልብህ ይሁን ተብሏል፤ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ተናገረው የሚለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እነዚህም ሰዓቶች ልጆች ከመስማት ይልቅ የሚያዩን ሰዓቶች ናቸው። ዕዝራ የእግዚአብሔርን ሕግ ሊፈልግ፣ ሊያደርግና በእስራኤልም ሊያስተምር ልቡን እንዳዘጋጀ በመጽሐፉ ምዕራፍ 7 ተጽፏል፤ በመፈለግና በማስተማር መካከል ማድረግ አለ፤ ዘልለን የምንሻገረውም እርሱን ነው። ሉቃስ የሐዋርያት ሥራን ሲጀምር ስለ ጌታ እንኳ ያደረገውን አስቀድሞ ያስተማረውን አስከትሎ ይናገራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ደግሞ ጌታ የጻፎችንና የፈሪሳውያንን ነገር ሲያነሣ፣ በሙሴ ወንበር ተቀምጠዋልና የሚሏችሁን አድርጉ አለ እንጂ ወንበሩን አላፈረሰም፤ የነቀፈው ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ ጭነው ራሳቸው በጣታቸው እንኳ ሊነኩት አለመፈለጋቸውን ነው። ያ ልጅ እያለቀሰ ሲወጣ ምን ተሸክሞ እንደ ወጣ አስብ፤ አንተ በዚያ ሳምንት በጣትህ ያልነካኸውን ነው የተሸከመው።

ፍጹም እስክትሆን አፍህን ዝጋ ማለቴ እንዳይመስልህ፤ እንዲያማ ቢሆን ኖሮ ማንም ለማንም ባላስተማረ ነበር። ያዕቆብ መምህራን የባሰውን ፍርድ እንደሚቀበሉ ባስጠነቀቀበት ስፍራ ላይ፣ ወዲያው አስከትሎ ሁላችን በብዙ ነገር እንሰናከላለን ይላል። በትእዛዙ ሥር ሆኖ እየወደቀ የሚነሣ ሰው ሊያስተምር ይችላል፤ እንዲያውም የእርሱ ትምህርት ርኅራኄ አለው። የምፈራልህ ትእዛዙን ለሌላው ሰጥቶ ራሱን ከሥሩ የሚያወጣውን መንገድ ነው። የዳንኸው በጸጋ መሆኑንም አልዘነጋሁም፤ ሆኖም ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ጸጋው አድኗችኋል ብሎ በጻፈበት በዚያው ምዕራፍ፣ ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። መታዘዝ ለመዳን የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ያለውን ጌታ መውደዳችን የሚታይበት ነው።

የሙሴንም ነገር እንደ ገና አንብበው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ታገኘዋለህ። ለዓለቱ ተናገር ተባለ፤ እርሱ ግን ሕዝቡን ዓመፀኞች ብሎ ጠርቶ ዓለቱን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። በዚያ ሰዓት ዓመፀኛ የተባሉት እነርሱ ሲሆኑ ትእዛዙን የተላለፈው ግን ተናጋሪው ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ውኃው መውጣቱ ነው፤ ብዙ ውኃ ወጣ፣ ሕዝቡም ከብቶቹም ጠጡ፤ ሙሴ ግን ወደ ምድሪቱ አልገባም። ስለዚህ ልጆቹ ትምህርትህን ወደውታል፣ ክፍሉም ሞልቷል ብለህ አትጽናና። ቃሉ ለሰሚው ይሠራል፤ ሳታደርገው ካስተማርኸው ግን አንተ በውጭ ትቀራለህ።

ሴት አያትህ፣ እናቴ፣ ማታ ማታ ሰብስበው ወንጌል ያነቡልን እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ይህን ግን የነገርሁህ አይመስለኝም። በአጥሩ ምክንያት ከታላቅ እኅታቸው ጋር የተኳረፉበት ጊዜ ነበር፤ የአጥሩን ጠብ እናትህ በሰፊው ስላወራችህ አልደግመውም። አንድ ማታ የተራራውን ስብከት ሲያነቡልን፣ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች እንዳለብህ ብታስብ መባህን በዚያ ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ከሚለው ሲደርሱ ጣታቸው መስመሩ ላይ ቆመ። ዓይናቸው የደከመ መስሎት አጎትህ መብራቱን አስጠጋላቸው። እርሳቸው ግን መጽሐፉን እንደ ተከፈተ በደረቱ አስተኝተው፣ ጫማቸውን ሳያስሩ አጠለቁና «እንዳትተኙ» ብለውን በዚያ ጨለማ ወጡ። አባታችን ሊከተሏቸው ተነሥተው ነበር፤ ከበሩ ላይ ምን እንዳሰቡ አላውቅም ተመልሰው ተቀመጡ። እኛ እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም። ሲመለሱ ፊታቸው አብጦ ነበር፤ እዚያ ቤት ምን እንደ ተባባሉ፣ ማንስ አስቀድሞ ይቅርታ እንደ ጠየቀ እስኪሞቱ ድረስ አልነገሩንም። መጽሐፉን አንሥተው ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው አነበቡልን፤ ሌላ ጊዜ የማይቀረውን ማብራሪያ ግን ያን ዕለት አንዲት ቃል እንኳ አልጨመሩም፤ ተኙ ብለው ሰደዱን። ከዚያ በኋላ ትልቋ አክስታችን ከቤታችን አልጠፉም፤ አጥሩ ግን እንደ ጠመመ ቀረ፤ ድንበሩ ለማን እንደ ተፈረደም እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያትህን ያነሣሁት እንድታፍር ብዬ አይደለም። በፊትህ ያሉት ልጆች ከአንተ የሚጠብቁት ይህን ስለ ሆነ ነው። ኀይለ ቃል ከሌላ ሰውም ይሰማሉ፤ ለቃሉ ብሎ ንባቡን አቋርጦ የሚነሣ ሰው ግን ብዙ አያዩም። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው አደራ ያዘዝኋችሁን ሁሉ እንዲጠብቁ አስተምሯቸው የሚል ነው፤ መጠበቅን ደግሞ ከማይጠብቅ ሰው ማንም አይማረውም። ደግሜ እልሃለሁ፤ ሳታደርገው አታስተምረው።

አሁን የምልህን በጥሞና ስማኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ለባልደረባህ ራስህ ደውልለት። ምክንያት አትደርድር፤ በእጅህ ያለውን ስጠው፣ ለቀረው ልትፈጽመው የምትችለውን ቀን ቁረጥና በጽሑፍ አድርገው። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ፤ ከአንተ የሚፈለገው አንድ እጥፉ ብቻ ነው። ከእኔ ተበድረህ ልትከፍለው እንዳታስብ፤ የልብስም ሆነ ሌላው ወጪህ ይቆይ።

ልጁን በሚመለከት፣ መኮረጁን አቅልለህ እለፈው አላልሁም፤ ኀጢአትን ዝም ማለት ፍቅር አይደለም። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሰጠው ሥርዓት አስቀድመህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው የሚል ነው፤ አንተ ከመጨረሻው ጀመርኸው። ቤቱ ሂድና ብቻውን ይቅርታ ጠይቀው። ያዋረድኸው በሰው ፊት ስለ ሆነ በዚያው ሰው ፊት ልትናገር ይገባሃል፤ ግን እርሱ ከፈቀደ ብቻ፣ በአጭሩም። ንስሓህን ትርኢት እንዳታደርገው፤ ስታለቅስ እንዲያዩህ አትፈልግ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ስለ እውነት የጀመርኸውን ትምህርት ለሌላ መምህር ስጥ፤ ሌላውን ማስተማር ትችላለህ።

ቃሌ ከብዶህ ይሆናል። ካህኑ ዔሊ ክፉ ያደረጉ ልጆቹን በቃል ገሥጿቸው ነበር፤ የተፈረደበት ግን ስላልከለከላቸው ነው፤ እኔ ደግሞ አንተን ዝም ብዬ በእርሱ ዕጣ መውደቅ አልፈልግም። እንደ ልጅነትህ ተቈጥተህ መልስ ሳትጽፍልኝ ብዙ እንዳትቆይ፤ እናትህ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ለእኅትህም ዛሬውኑ ንገራት፤ በአፏ ሐሰት ያናገርሃት አንተ ነህና ይቅርታው ለእርሷም ይገባታል፤ ከእንግዲህ በሩን ራስህ ክፈት።

የሚወድህ አባትህ